ዳገቱን ማን ወጣው?

ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠርኩት በሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እሱ ሰባ አራት ሆኖታል። በዚህ ዕድሜ ሰው ጉልበቱንና ዓይኑን ይጠረጥራል እንጂ አብሮት ያደገውን ወንድሙን አይጠረጥርም። ግን ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ልጆቼ፤ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ነገር ሳሳምር አትጠብቁኝ።

ወንድሜ ዘፋኝ ነው፤ ጊታርም ይጫወታል። ድምፁ ከደረቱ ሥር ስለሚወጣ ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉት ነበር። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ ከምትሰሟቸው ዘፈኖች ውስጥ በብዙዎቹ አንድ ነገር አለ። ዘፈኑ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ግጥም ሲያልቅ ግን ሁለመናው ብድግ ይላል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ እግራችሁ ሳታዙት ይነሣል። ሙዚቀኞቹ «ዳገቱ» ይሉታል። ያ ዳገት መጀመሪያ የተሰማው በወንድሜ ሸክላ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከአህጉራችን ዳር እስከ ዳር ያሉ ባንዶች ወሰዱት፤ ጥሩምባ ነፊው በጥሩምባው፣ ጊታሪስቱ በጊታሩ አስመሰለው። ባሕር ማዶ ያሉትም፣ ከበሮ በኮምፒውተር የሚመቱት ልጆች ሳይቀሩ፣ ከኛ ተማሩት። ወንድሜ ገበያ ሲወጣ ሰው ቆሞ ያሳልፈዋል። እኔም አብሬው ስሄድ ትንሽ ቀና ማለቴን አልደብቃችሁም።

ያ ሸክላ ሲቀረጽ እኔ ጎረቤት ነበርኩ። ቀረጻ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋን ተጋርቶ የኛ የበረዶ ፋብሪካ ነበር። ሥራዬ እጀታውን ስቤ ሞተሩን ማስነሣትና የበረዶውን ብሎኮች መቁጠር ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የሞተራችን ጩኸት ዘፈን ውስጥ እየገባ ስላስቸገራቸው፣ ቀራጮቹ ከካቦአችን ጋር ተስማሙ፦ እነሱ በሚቀርጹበት ሰዓት መስኮታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ፤ ጨርቁ እስኪወርድ እኛ ሞተር አናስነሣም። ደንቡ ይኸው ነበር። ጨርቋን አስቀምጡልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የድሮ ሸክላዎችን እያደሰ ከሚያሳትም ድርጅት አንዲት ልጅ ቤታችን መጣች። ቀጠን ያለች፣ ትሑት፣ ግን ዓይኗ የማያርፍ። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የወንድሜ ልጅ ነርስ ናት፤ ከሥራ መግባቷ ስለነበር ነጭ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻይ አቀረብን።

«አባባ፣» አለች እንግዳዋ፣ «ዳገቱን እንዴት ነው የሠሩት?»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወጣቶች ነበርን።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን እጅዎ ምን አደረገ? ጊታሩ ብቻ ቢሆን ይገባኛል። ከበሮውም፣ ድምፅዎም፣ ሁሉም እኩል እንዴት ወጣ?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ፣» አላት።

ሻዩ ይጨሳል። የወንድሜ ልጅ ሻዩን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ነርስ ስትሆኑ በሽተኛ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ የምታዩት አስተያየት አለ፤ እሱን ነው ያየችው።

እንግዳዋ ከሸክላው ጋር አብሮ እንዲጫወትላት ለመነችው። ጊታሩን አነሣ። የመጀመሪያው ግጥም ላይ ጊታሩና ሸክላው እንደ አንድ ሰው ሆኑ። ዳገቱ ጋ ሲደርስ ግን ጣቶቹ ባዘኑ። ጊታሩ አንገት ላይ ካሉት ብረቶች አንዱን ሲይዝ ከሸክላው ያንሳል፤ ወደሚቀጥለው ብረት ሲያልፍ ይበልጣል። ሸክላው ያለው መካከል ላይ ነው፣ ጣት በማያርፍበት ቦታ።

«ክሮቹ አርጅተዋል፣» አለ ወንድሜ።

«ትናንት አይደለም እንዴ የቀየርካቸው፣ አባዬ?» አለች ልጁ።

እንግዳዋ ላፕቶፗን ቀስ ብላ ከደነች። ክፋት አልነበራትም፤ እንዲያውም የሰው ገመና ያየች መስላ አቀረቀረች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጓደኛዎ የፉጨት ባለቤት ደብዳቤ ጽፈውልናል። ከዳገቱ በኋላ ያለው ድምፅ የባለቤቴ ነው ይላሉ። የሸክላው ሽፋን ቅዳሜ ለኅትመት ይገባል። ማን እንደዘፈነ አጣርቼ ስሙን መጻፍ አለብኝ። ነገ ልመለስ?»

«ነገ ነይ፣» አላት ወንድሜ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ።

ፉጨት ማለት የወንድሜ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሁለተኛ ጊታር ይመታ፣ ከኋላ ሆኖ ይቀበል ነበር፤ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ነው ፉጨት የተባለው። ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

በዚያን ቀን ራት የቀመሰ የለም። ልጁ ሳህኖቹን እያነሣች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዷ አባትሽ ውሸታም ነው ስትለኝ ተደባድቤያለሁ። ከንፈሬ የተሰፋው ለዚህ ዘፈን ነው፣» አለች። ሰባት ዓመቷ ሳለ የወጣባት የከንፈሯ ጠባሳ ዛሬም አለ። ወንድሜ ሰምቶ ወደ መኝታው ሄደ።

እኔም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነገር መልቀም ጀመርኩ። ጥርጣሬ እኮ አንዴ ከገባ ቤቱን ሁሉ ይፈትሻል። ወንድሜ መድረክ ላይ ይህን ዘፈን ሲጫወት ከዳገቱ በኋላ ያለውን ግጥም ራሱ ዘፍኖት ያውቃል? አያውቅም። ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። ሕዝቡም «ለኛ ሰጠን!» ብሎ ያብዳል። እኛ ደግነት ነው እንል ነበር። ፉጨት የሞተ ቀንስ? ወንድሜ ጥቁር ጫማውን ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አጥልቆ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። «አሞኛል፣» አለኝ። ቀብር አልሄደም። ታዲያ ምን ነበር ያመመው?

ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር፣ መስታወቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጢሙን ሲላጭ ደረስኩበት።

«አንተ ልጅ፣» አልኩት፣ «እኔን እንኳን አትዋሸኝም መቼስ።»

ምላጩን አጠበ። ሳሙናው ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «እታለም፣ ሁለተኛው ግጥም የኔ አይደለም።»

«ምን?»

«ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ነው የሰማሁት። በዚያ ጊዜ ቀርጸን መልሰን አንሰማም፤ ቴፑ ታሽጎ ወደ ማተሚያው ይሄዳል። አምስት ወር ቆይቶ መጣ። ሰማሁት። እስከ ዳገቱ ድረስ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነው። ቀጭን። ቃሎቹን እንደኔ ይላቸዋል፣ አተነፋፈሱም የኔ ነው፤ ድምፁ ግን የኔ አይደለም። እንደኔ አድርጎ ሊዘፍን የሚችል ማን አለ? ከአምስት ዓመታችን ጀምሮ አብሮኝ የዘፈነው ነው።»

«ፉጨት።»

«በተቀረጽን ማግስት ከቀራጩ ጋር እየሳቀ ከክፍሉ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ምን ትሠራ ነበር አልኩት። የጊታር ማንገቻዬን ረስቼ ልወስድ ነው አለኝ። እጁን አየሁ፣ ምንም የለም። የታለ ስለው፣ አጣሁት አለኝ።» ምላጩን አስቀመጠው። «ግማሹን አጥፍተው በሱ ድምፅ ቀረጹት ብዬ ደመደምኩ። ጠይቄው አላውቅም። እሱም 'ዳገቱን እንዴት አመጣኸው?' ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ሃምሳ ሁለት ዓመት ጭብጨባውን እንዴት ተቀበልክ?»

«ምን ብዬ ልመልሰው፣ እታለም? አንዴ ዝም አልኩ። ከዚያ ዝምታው ራሱ ሥራ ሆነ።»

 ለልጁ ስል ተናደድኩ፤ ለፉጨትም ስል ተናደድኩ። ደግሞ ግማሽ ፊቱ በሳሙና ተሸፍኖ ሳየው የስድስት ዓመቱ ልጅ ሆኖ ታየኝና አንጀቴን በላኝ።

እንግዳዋ ከምሳ በኋላ መጣች። ወንድሜ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ተቀምጧል። ልጁም ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች፤ እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆማለች።

«አባባ፣ ወስነዋል?»

«ወስኛለሁ። ጻፊ። የመጀመሪያው…»

«ቆይ፣» አልኩ እኔ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ምናልባት ስሙን ከመስጠቱ በፊት ያንን ሌባ ድምፅ አንድ ጊዜ በጆሮዬ ልለየው ፈልጌ ይሆናል። «ፉጨትን በደንብ አውቀዋለሁ። እስኪ አሰሚኝ።»

እንግዳዋ ጆሮ ላይ የሚደፋ ትልቅ ማዳመጫ ሰጠችኝ። ያን ዘፈን ዕድሜ ልኬን በሬዲዮና በቡና ቤት ድምፅ ማጉያ ነው የሰማሁት። እንዲህ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የወንድሜ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ትንፋሹ ይሰማል። የመጀመሪያው ግጥም አለቀ።

ከዚያ፣ ከሁሉም ሥር፣ በጣም ከሩቅ፦ ጧ። ጧ። ጧ።

ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። «መልሺልኝ።»

መለሰችልኝ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ ከዚያ እምምም የሚል ድምፅ፤ ዳገቱም ተነሣ።

ልጆቼ፣ ሞተራችንን በረዶ ከሚሠራው መጭመቂያ ጋር የሚያያይዝ ሰፊ የቆዳ ቺንጋ ነበር። ተበጥሶ ተሰፍቶ ስለነበር፣ እጀታው ሲሳብ ስፌቱ መዘውሩን እየመታ ይነሣል፦ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። የወንድሜን ድምፅ ልረሳ እችላለሁ፣ ያንን ግን አልረሳም።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ማለፍ እችል ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ አስቤዋለሁም። ወንድሜ ግን «ጻፊ» ሊል አፉን እየከፈተ ነው።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ።

«ምኑን ነሽ?» አለ ወንድሜ።

«ያን ቀን ጨርቁ መስኮቱ ላይ ነበር። ቀረጻህ ረቡዕ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ያ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነው፤ እናንተ መሆናችሁን በምን ልወቅ? ቀራጮቹ በቀደመው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጨርቁን ረስተው በር ዘግተው ምሳ ሄደዋል። ዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ፈልገው ተሰልፈዋል፣ ዓሣው ይሸታል። ካቦው ይጮህብኛል፤ 'ምን ትጠብቂያለሽ? ጨርቅ ነው ወይስ ባንዲራ?' ይለኛል። ዛሬም ረስተውታል አልኩና ሳብኩት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንተ በላብ ተዘፍቀህ ወጣህ። ደነገጥኩ። 'እንዴት ሆነ?' ስልህ 'ግሩም!' አልከኝ። እንግዲያው ጩኸቱ አልገባም ብዬ አፌን ያዝኩ።»

 የወንድሜ ልጅ ፊቷን ቋጠረች። «አክስቴ፣ አባዬን ለማዳን ብለሽ አይደለም አይደል?»

ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው! እውነቷን ነው፣ በሷ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ትጠረጥሩ ነበር።

እንግዳዋ ግን ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር። «እማማ፣ ፋብሪካውና ቀረጻ ቤቱ መብራት የሚያገኙት ከአንድ ምሰሶ ነበር?»

«ከአንድ። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪቆም የኛ አምፖል ይቀላ ነበር፣ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም።»

«ጩኸቱ አይደለም ችግሩ፣» አለች። «መብራቱ ሲደክም መቅረጫውም ደከመ። ቴፑ ቀስ እያለ ዞረ። በዝግታ የተቀረጸን ነገር ጤነኛ ማሽን ላይ ሲያጫውቱት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። አባባ፣ ጊታርዎን ያንሱልኝ።»

ከዳገቱ በኋላ ያለውን ላፕቶፑ ላይ እየጎተተች አዘገየችው። ቀጭኑ ድምፅ መጀመሪያ ሸካራ ሆነ። ቀጥሎ ወፈረ። ትንሽ ቀነሰችው፤ ትንሽ። ወንድሜ ጣቶቹን የዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመት ያስቀመጣቸው ቦታ ላይ አስቀመጠና መታ። ጊታሩና ሸክላው ገጠሙ። ከማሽኑ የሚወጣው ከደረት ሥር የሚመጣው ድምፅ ነበር።

«አባዬ ነው፣» አለች ልጁ። እጇን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ቁጭ አለች።

እንግዳዋ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «እንግዲህ ዓለም ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሲያስመስል የኖረው የበረዶ ሞተር ነዋ! እኔም እኮ ትምህርት ቤት ይህን ዳገት አጥኚ ተብዬ ሁለት ወር ፈጅቻለሁ!»

እኔም ልስቅ ነበር። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ጊታሩን ጉልበቱ ላይ እንዳለ ተወውና ወደኔ ዞረ።

«ጨርቁን አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ሳትስቢው በፊት?»

«ሳልስበው በፊት።»

ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ዕቃ ሲያንኳኳ ይሰማናል። እንግዳዋ በሹክሹክታ «ተቆጡ እንዴ?» አለችኝ። አላወቅኩም። ሲመለስ ያንን ጥቁር ጫማ አጥልቋል፤ አቧራውን በእጁ ጠርጎት ጣት በጣት ሆኗል።

«ተነሺ፣» አለኝ።

«ወዴት?»

«የፉጨት ሚስት ዘንድ። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ስሙን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች እንግዳዋ።

«ቅዳሜ ገና ነገ ነው። መጀመሪያ እሷ ትስማ።»

የፉጨት ሚስት የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ። እኔ በየደረጃው እያረፍኩ፣ እሱ ከኋላዬ እየጠበቀ ወጣን።  እኔ ፉጨትን አሰብኩት፤ መንገድ ላይ ሲያገኘን ከሩቅ እጁን የሚያነሣውን፣ ወንድሜም አንገቱን ብቻ ነቅንቆ የሚያልፈውን። እኔ ኩርፊያው የዝና ነገር ይመስለኝ ነበር። ያንን እጀታ ስቤ፣ በረዶዬን ቆጥሬ፣ ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ እኮ።

አንኳኳን። በሩ የሰንሰለቱን ያህል ተከፈተና አንድ ዓይን ወጣ።

«ማነው?» ዓይኑ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን። «አሃ። ድርጅቱ ላካችሁ? ደብዳቤዬን አልስብም። ለቀብሩ ያልመጣ ሰው ዛሬ ምን ፈልጎ መጣ?»

«እኔ ነኝ የማናግርሽ፣» አልኳት። «ሰንሰለቱን አታውጪው፣ እንዲሁ ስሚኝ።»

በዚያች ስንጥቅ ነገርኳት። ጨርቁን፣ ካቦውን፣ የዓሣውን ሽታ፣ ቺንጋውን። ወንድሜ ለምን እንዳኮረፈም ነገርኳት፤ እሱ እግሬ ሥር ያለውን ሲሚንቶ እያየ ቆሟል። ስጨርስ ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ደብዳቤዋን አስቤ፣ ዘፈኑን ከቤቷ ይዤ ልወጣ መምጣቴ ሲገባኝ አፈርኩ።

«እኔ አይደለሁም ይለኝ ነበር፣» አለች በመጨረሻ። «የዘፈንከው አንተ ነህ፣ ድምፅህን አላውቀውም ወይ፣ እለዋለሁ። በልጆቼ እምላለሁ እኔ አይደለሁም ይላል። ጓደኛህን ፈርተህ ነው የምትክደው እለው ነበር። ፈሪ አልኩት። በልጆቹ ፊት ፈሪ አልኩት። አልጋ ላይ ሆኖ ሊሞት ሲል እንኳን ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ያንኑ።»

በሩ ተዘጋ። ያለቀልን መሰለኝ። ከዚያ የሰንሰለቱ ድምፅ ተሰማና በሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ትንሽ ሴት ናት፤ እንደኔው አርጅታለች። እኔ ገባሁ። ወንድሜ ግን ከደፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣» አላት። ድምፁ እንደ ሸክላው ቀጥኖ ነበር። «በዚያን ሳምንት… የጊታር ማንገቻ ጠፍቶት ነበር?»

ግራ ተጋባች። «የምን ማንገቻ? እ… ያ ቡናማው? ቀረጻ ቤት ረስቶት ሲመለስ አጣው። ሁለት ቀን አኩርፎ ሰነበተ። እኔ ነኝ ሌላ የሰፋሁለት፣ ከካፖርቴ ቀበቶ።»

ወንድሜ በሩን ይዞ ጫማውን እዚያው ደፉ ላይ ማውለቅ ጀመረ። ክሩ ተወሳስቦ አልፈታ አለው። እሷ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ክሩን ፈታችለት።